መልስ፦ የፈንገስ ስፖር ሽፋን ከምን ይሠራል?

የፈንገስ ስፖር (ፈንገስ የሚራባበት፣ ዘር መሰል ጥቃቅን ሴል) ሽፋን ከምን እንደተሠራ፣ ከባክቴሪያ ስፖርም ጋር አንድ ይሁን አይሁን ጠይቀሃል። አንድ አይደሉም። የባክቴሪያው ሽፋን በአብዛኛው ፕሮቲን ነው። የፈንገሱ ግድግዳ ግን መሠረቱ የስኳር ሰንሰለት ነው፤ ዋናዎቹ ቤታ-ግሉካን እና ካይቲን ናቸው። ካይቲን በነፍሳት ቅርፊት ውስጥ ያለው ራሱ ነው።

ዋናው ጉድ ያለው ግን ውጭኛው ንብርብር ላይ ነው። አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ የሚባለውን ሻጋታ እንውሰድ። ከስኳሩ ግድግዳ በላይ ሜላኒን አለ፤ ቀለሙን የሚሰጠውም፣ ከአልትራቫዮሌት ጨረር የሚጠብቀውም እሱ ነው። ከዚያ በላይ ሃይድሮፎቢን የሚባሉ ፕሮቲኖች እንደ ቀጫጭን ዘንግ ተደርድረው ይሸፍኑታል። ውሃ አያስጠጉም፤ ስፖሩ በአየር በቀላሉ እንዲበተን ያግዛሉ። ከስር ያለውን ግሉካንም ስለሚደብቁ የሰውነታችን መከላከያ ስፖሩን ቶሎ አያውቀውም። መብቀል ሲጀምር ይሄ ሽፋን ይወልቃል፤ ያኔ ይጋለጣል። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ሁሉም ፈንገስ ግን እንዲህ አይደለም። የዳቦ እርሾ ስፖር ውጭኛ ንብርብሮቹ ካይቶሳን (ከካይቲን የሚገኝ የስኳር ሰንሰለት) እና ዳይታይሮሲን ናቸው። ዳይታይሮሲን ሁለት የታይሮሲን አሚኖ አሲዶች ተጣምረው የሚፈጥሩት ነው። ስፖሩ ግድግዳ የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችንና ኤተር የሚባለውን ኬሚካል የሚቋቋመው በእነዚህ ሁለት ንብርብሮች ነው።