ልጁ ምን ለብሶ ነበር?

ልጆቼ፣ ፖሊስ ደረቱ ላይ ስለሚለብሳት መቅረጫ ካሜራ ይህን የምጽፈው የፖሊስ ዩኒፎርም ገና ለለበሳችሁ ነው። ጥብቅና የጀመራችሁም ብታነቡት አይከፋኝም። እኔ ግማሽ ዕድሜዬን በመርማሪነት፣ ግማሹን በጠበቃነት ነው የጨረስኩት። ሁለቱም ቦታ ተሳስቻለሁ።

አንዱን ስህተቴን ልንገራችሁ። ወጣት መርማሪ ሳለሁ ነው፣ ፒያሳ። አንዲት ሴት ቦርሳዋን ተነጠቀች። «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ሻዬን ጥዬ ሮጥኩ። ስደርስ ሰው አንድ ልጅ ከቦ ይዟል። ሊስትሮ ነው። ሳጥኑ ተገልብጦ ጥቁሩ ቀለም አስፋልቱ ላይ ፈሷል። ጣቢያ ወሰድኩት። የሦስት ምስክሮች ቃል ተቀበልኩ። የራሴን ቃል የጻፍኩት ከእነሱ በኋላ ነው። «ቦርሳውን ይዞ ሲሮጥ አይቻለሁ» ብዬ ፈረምኩ። ልዋሽ ብዬ አልነበረም። ሦስት ጊዜ ስሰማው ራሴ ያየሁት መሰለኝ።

ችሎት ላይ ተከላካይ ጠበቃው ተነሣ። ረጋ ያለ ሰው ነበር። «ሲሮጥ ምን ለብሶ ነበር?» አለኝ። «ሰማያዊ ጃኬት» አልኩ። ጠበቃው መዝገቡን ገልጦ አነበበልኝ። ልጁ ጣቢያ ሲገባ አረንጓዴ ሹራብ ለብሶ እንደነበር በገዛ እጄ ጽፌያለሁ። «ሰማያዊ ጃኬት» ብሎ የነበረው አንደኛው ምስክር ነው። ልጁ ተለቀቀ። እስከዚያ ግን ሁለት ወር ሊሞላው ነበር፣ ታስሮ።

«ያን ቀን ደረትህ ላይ ካሜራ ቢኖርስ?» ትሉኝ ይሆናል። ልጁን ያድነው ነበር። የእኔን ቃል ግን የባሰ ሊያበላሸው ይችል ነበር። ጣቢያ ገብቼ መጀመሪያ ቪዲዮውን ባየው፣ የምጽፈው የቪዲዮውን ታሪክ ነው። ፍርድ ቤቱ የሚፈልገው ደግሞ እኔ በዚያች ደቂቃ ምን እንዳየሁና ምን እንደመሰለኝ ነው። ካሜራው የሚያየው ከደረት ነው፤ ዓይናችሁ ወዴት እንደዞረ አያውቅም። ሰው ሲያቅፋችሁ ወይም ሲታገላችሁ የሚታየው ጨርቅ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጻፉ፣ ከዚያ ተመልከቱ። ቃላችሁን ጽፋችሁ ፈርሙ። ቪዲዮውን ካያችሁ በኋላ የተለየ ነገር ካገኛችሁ፣ በሌላ ወረቀት «ቪዲዮውን ካየሁ በኋላ ያስተዋልኩት» ብላችሁ ጨምሩ። የመጀመሪያውን አትቅደዱ። በዚህ ጉዳይ ከድሮ ባልደረቦቼ ጋር ብዙ ተከራክሬያለሁ። «ሰው ይረሳል፣ ቀድሞ ቢያይ ምን አለበት?» ይላሉ። መርሳትማ ያለ ነው። ምስክሩ ሲረሳ ግን ቪዲዮ አናሳየውም፤ የምታስታውሰውን ተናገር እንለዋለን። ለፖሊስ ሲሆን ለምን ይለያል?

ሁለተኛው ነገር የካሜራው ማብሪያ ቁልፍ ነው። መቼ ይበራል? ማንስ ይወስናል? አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሪያልቶ የምትባል ትንሽ ከተማ እንደ ፈረንጆቹ በ2012 ካሜራውን ለአንድ ዓመት ሞከረችው። የፖሊስ ኃይል መጠቀም ከግማሽ በላይ ቀነሰ፣ ቅሬታም በጣም ወረደ። ዓለም ሁሉ ጉድ አለ። ዋሽንግተን ደግሞ ከ2,000 በላይ ፖሊሶችን ይዛ ሞከረችና፣ በ2017 ውጤቱ ሲወጣ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኘችም። ለምን? በመካከል በ2016 የወጣ ጥናት፣ ለእኔ፣ ፍንጩን ይዟል። ፖሊሶቹ ደንቡን ጠብቀው ከመጀመሪያው ሲያበሩ ኃይል መጠቀም ቀነሰ። መቼ እንደሚያበሩ ራሳቸው ሲመርጡ ጭራሽ ጨመረ።

እኔን አይገርመኝም። ከተናደደ በኋላ ካሜራ የሚያበራ ሰው የሚቀርጸው የሌላውን ሰው ንዴት ብቻ ነው። የራሱ ስድብ፣ የራሱ ግፍትሪያ ከመብራቱ በፊት አልፏል። ስለዚህ ከመኪና ሳትወርዱ፣ «መታወቂያ» ሳትሉ አብሩት።

የአሜሪካውን የባልቲሞር ፖሊስ ጉዳይ ሰምታችሁ ይሆናል። እሱም በ2017 ነው። ካሜራው ቁልፉ ከመነካቱ በፊት ያለውን 30 ሰከንድ ያለ ድምፅ መዝግቦ ያስቀራል። ፖሊሱ አደንዛዥ ዕፅ ራሱ ቆሻሻ መሃል ሲደብቅ፣ ወጣ ብሎ ቁልፉን ሲጫን፣ ተመልሶ «ሲያገኘው» ሁሉም ተቀረጸ። በማግሥቱ ዓመት ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለው።

ማጥፋትም ደንብ አለው። የተደፈረች ሴት ስታናግራችሁ፣ ጥቆማ ሰጪ «ስሜ አይነሣ» ሲላችሁ ማጥፋት ሊያስፈልግ ይችላል። ግን ዝም ብላችሁ አታጥፉ። ምክንያቱንና ሰዓቱን ጮክ ብላችሁ ተናግራችሁ አጥፉ።

ሰዓት ካልኩ አይቀር፣ ይህን ማንም አይነግራችሁም። ካሜራው በፈረንጅ ሰዓትና በፈረንጅ ቀን ይቆጥር ይሆናል። እናንተ «ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ ቪዲዮው ላይ ያለው 02:00 ነው፣ ቀኑም አርብ። እኔ ጠበቃ ሆኜ እንዲህ ዓይነቱን ክፍተት ሳገኝ፣ አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር። መስቀለኛ ጥያቄ ላይ ምስኪኑን ሳጅን ላብ በላብ አደርገው ነበር። «ሐሙስ ለአርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ካሜራው ላይ 02:00» ብሎ መጻፍ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ሥራ ስትገቡ ደግሞ የካሜራውን ሰዓት ከስልካችሁ ጋር አስተያዩ።

ቤት ስትገቡ ጠንቀቅ በሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሰውን ቤትና ግላዊ ሕይወት ይጠብቃል፤ የብርበራ ትእዛዝ መያዛችሁ የሰውን ገመና ለዓለም የማሳየት ፈቃድ አይሆንም። አሮጌ የቀበሌ ቤት አንድ ክፍል ነው። አልጋው፣ ሥዕለ አድኅኖው፣ ምድጃው፣ ልብስ ያልደረቡ እናት፣ ሁሉም እዚያው ናቸው። «እማማ፣ ይቺ ካሜራ እየቀረጸች ነው፤ ነጠላዎትን ይደርቡ፣ እንጠብቃለን» በሉ። ግማሽ ደቂቃ ነው። ለእሳቸው ግን ጎረቤት ፊት ቀና ብለው መሄድ ነው።

የተቀረጸው ነገር ኤግዚቢት ነው። ተረኛነታችሁ ሲያልቅ አስረክቡ። ካሜራውን የለበሰው ሰው ቪዲዮውን መሰረዝም መቁረጥም መቻል የለበትም። ማን መቼ እንዳየው መዝገብ ይኑረው። ለንደን ውስጥ ለማስረጃ የማይፈለግ ቪዲዮ በ31 ቀን ይጠፋል፤ እኛም እንዲህ ያለ ቀን ቆርጠን ማስቀመጥ አለብን ባይ ነኝ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አንብቡት። ቪዲዮ በስልክ ቀድታችሁ ቴሌግራም ላይ «ይሄን ሌባ እዩት» ማለትማ የለየለት ነውር ነው። ያ ሰው ገና ተጠርጣሪ ነው። አንቀጽ 20 እስኪፈረድበት ንጹሕ ነው ይለዋል። ነፃ ሲወጣ ቪዲዮውን ማን ይሰበስብለታል?

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ሥልጠናውን ጨርሶ ሊጠይቀኝ መጣ። ከጊዮርጊስ እስከ ፖስታ ቤት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል በእግር ወረድን። ስልኩን ደረት ኪሱ ውስጥ ካሜራው ብቅ እንዲል አድርገን ከተትነው። መንገድ ላይ አንድ የታክሲ ረዳትና ተሳፋሪ በመልስ ሲጨቃጨቁ አየን። ፖስታ ቤት አጠገብ ተቀምጠን ማኪያቶ አዘዝን፣ እሱም እኔም ያየነውን ሳንነጋገር ጻፍን። እሱ «ተሳፋሪው ቀይ ኮፍያ ያደረገ» ብሎ ጻፈ። እኔ «ረዳቱ ተሳፋሪውን ገፈተረው» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ስልኩን ከፈትን። ቀይ ኮፍያ ያደረገው ከጀርባቸው የሚያልፍ ሎተሪ አዟሪ ነው። ረዳቱም እጁን አላነሣም፤ በአንድ እጁ የታክሲውን በር፣ በሌላው ዝርዝር ብር ይዞ ነበር። ልጁ ሳቀና ወረቀቱን ሊጨመድደው ሲል እጁን ያዝኩት። የእኔንም ከእሱ ጋር አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።