ጥያቄና መልስ፦ ጉድጓዱ፣ ጀልባውና የጀኔሬተሩ ቁልፍ

ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ በሕንድ ውቅያኖስ ስላለችው የደሴቶች አገር፣ ስለ ማልዲቭስ መንግሥታዊ ተቋማት ጽፌ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ የደሴቱ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ውኃውን፣ ፍሳሹን፣ ናፍጣውንና ቆሻሻውን በምን ዓይነት የአካባቢ አያያዝ ዕቅድ ሊይዝ እንደሚገባ። ጠባብ ደሴት ላይ የሚጣል ነገር ሁሉ ከግቢው ብዙ አይርቅም ብዬ ነበር። ከጠበቅሁት በላይ ደብዳቤ መጣ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ መልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አርባ ምንጭ የሚማር ወጣት የመመረቂያ ጽሑፉን በዚሁ ርዕስ ሊሠራ ነው። "ዕቅዱ ውስጥ ምን ምን ይገባል? ማውጫውን ቢልኩልኝ" ይላል።

ማውጫ አልልክም፤ ማውጫ ከላክሁልህ ሰነዱን ሳትጽፍ ጨርሰሃል። መነሻውን ግን ልንገርህ። በተቋሙ በር የሚገባውን ሁሉ መዝግብ፤ ውኃ፣ ናፍጣ፣ ምግብ፣ ወረቀት፣ መድኃኒት፣ የጽዳት ኬሚካል፣ የአየር ማቀዝቀዣ ጋዝ፣ ባትሪ። ከዚያ እያንዳንዱ በምን መልክና በየት በኩል እንደሚወጣ ተከታተል። መውጫውን ያላገኘህለት ነገር እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ምናልባትም ከእግርህ ሥር አለ፤ ዕቅድህ የሚጀምረው ከእሱ ነው። ለእያንዳንዱ ምን እንደሚደረግ፣ ማን እንደሚያደርገው፣ በየትኛው በጀትና በምን እንደሚለካ ካስቀመጥህ አይኤስኦ 14001 የተባለው ዓለም አቀፍ የአካባቢ አያያዝ መመዘኛ የሚጠይቀው የማቀድ፣ የመፈጸም፣ የመፈተሽና የማረም ዑደት መልክ ይይዝልሃል። የቀረውን አማካሪህን ጠይቅ፤ ደመወዝ የሚከፈለው ለዚሁ ነው።

ዱባይ የምትኖር እህታችን ለዕረፍት ልትሄድ ነውና ቪዛ ያስፈልጋል ወይ ትላለች።

ስትደርሺ የ30 ቀን ይሰጥሻል። ባዶ የሻምፑ ጠርሙስሽን ይዘሽ ተመለሽ።

ከሐዋሳ የጻፉ መምህር፣ አገሩ ራሱ ሊሰምጥ ነው እየተባለ ስለ ትምህርት ቤት ሴፕቲክ ታንክ መጨነቅ ቀልድ አይሆንም ወይ ይላሉ።

አይሆንም መምህር። አደጋውስ እውነት ነው፤ የማልዲቭስ መሬት በአማካይ ከባሕር ወለል በላይ ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን ደሴት ከመስጠሙ በፊት የሚጠጣ ውኃ ያጣል። ዲሴምበር 26 ቀን 2004 ሱናሚው ሲመታ ማዕበሉ በሰዓታት ውስጥ ተመለሰ፤ ጨውና ከሴፕቲክ ታንኮች የወጣው ፍሳሽ ግን የጉድጓዱን ውኃ አበላሽቶ ቀረ። ከ1987ቱ ጎርፍ በኋላ በጃፓን እርዳታ ዋና ከተማዋን ማሌን ዙሪያዋን የከበባት የባሕር ግንብ ማዕበሉን ይመልስ ይሆናል፤ ከወለሉ ሥር የሚሰርገውን ግን አያውቀውም። የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች ውኃ የሚጠጡት ደግሞ ዛሬ ነው።

የቧንቧ ሠራተኛ የሆነ የአዲስ አበባ አንባቢ፣ በባሕር መሃል ያለ አሸዋ ቢቆፈር የሚወጣው የባሕር ውኃ አይደለም እንዴ፣ ጉድጓድ እያልክ የምታወራው ምንድን ነው ብሎ ይሞግተኛል።

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። እነዚህ ደሴቶች ወንዝም ምንጭም የላቸውም፤ ያላቸው ዝናብ ነው። ዝናቡ በኮራል አሸዋው (ከባሕር እንስሳት ቅሪት በተሠራው) ውስጥ ይሰርግና ከሥር ያለውን የባሕር ውኃ ሲያገኝ ከላዩ ይንሳፈፋል፣ ጨዋማው ውኃ በጥቂቱ ስለሚከብድ። መሃሉ ወፍራም፣ ዳር ዳሩ ቀጭን ሆኖ ስለሚቀመጥ ባለሙያዎቹ የጣፋጭ ውኃ ሌንስ ይሉታል። በስሌት ደረጃ ጣፋጩ ውኃ ከባሕር ወለል በላይ አንድ ሜትር ከፍ ካለ ከሥር ወደ 40 ሜትር ያህል ይወርዳል። ይህን ገልብጠህ አስበው። አንተ የገጠምከው ፓምፕ የውኃውን ወለል 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ በዚያው ካቆየው፣ ጨዋማው ከታች እስከ 4 ሜትር ሊነሳ ነው። በትናንሽ ደሴቶች ላይ ደግሞ ሌንሱ በጠቅላላ ጥቂት ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። ጎበዝ ፓምፕ እዚያ በጥቂት ወራት ውስጥ ጉድጓዱን ጨው አድርጎ ይጨርሰዋል። የሚሻለው ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ፣ ደካማ ፓምፕና ረጅም ሰዓት ነው፤ ወይም ውኃውን ከሰፊ ቦታ በጥቂት በጥቂቱ የሚሰበስብ አግድም የተቀበረ ቱቦ።

ቀጥሎ ሽንት ቤቱን አስብ። ውኃው ያለው ከአሸዋው አንድ ወይም ሁለት ሜትር ዝቅ ብሎ ነው፤ የፍሳሹ ጉድጓድም እዚያው ነው። ከጉድጓዱ ይህን ያህል ሜትር አርቁት የሚለው የመጽሐፍ ሕግ የሚያጣራ አፈር አለ ብሎ የተነሳ ነው፤ የኮራል አሸዋ ግን አጣርቶ አይደለም የሚያሳልፈው። ይባስ ብሎ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት የከርሰ ምድሩን ውኃ በቀን ሁለቴ ከፍና ዝቅ ያደርገዋልና፣ የሚያፈስ ሴፕቲክ ታንክ በቀን ሁለቴ ይታጠባል ማለት ነው። ስለዚህ ታንኩ ውኃ የማያስገባ የማያስወጣ ይሁን፣ በቀጠሮ ይመጠጥ፣ የተመጠጠው ዝቃጭም ወዴት እንደሚሄድ በጽሑፍ ይታወቅ። የከርሰ ምድር ውኃ ባለሙያ (ሃይድሮጂኦሎጂስት) ሳይለካ አንድም ጉድጓድ እንዳይቆፈር። ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምለው፤ አንዴ ጨው የገባበት ሌንስ እስኪያገግም ብዙ ዝናብና ብዙ ትዕግሥት ይፈልጋል።

"የባሕርን ውኃ ከጨው የሚያጣራ ጣቢያ እያለ ይህ ሁሉ ምንድን ነው?" ላላችሁ፦

ማሌ እንዲህ ያለ ጣቢያ ነበራት። ዲሴምበር 4 ቀን 2014 ጣቢያው ላይ እሳት ተነሳና ከ100 ሺህ በላይ ሕዝብ ውኃ ተቋረጠበት፤ ሕንድ በአውሮፕላንና በመርከብ ውኃ መላክ ነበረባት። ሆስፒታል የራሱ የጥቂት ቀናት መጠባበቂያ ውኃ ከሌለው ዕቅድ አለው አልልም።

የማልዲቭስ ካቢኔ ባሕር ውስጥ ተሰብስቧል የሚባለው እውነት ነው ወይ?

እውነት ነው፤ ኦክቶበር 17 ቀን 2009፣ በፕሬዚዳንት መሐመድ ናሺድ ዘመን፣ የመጥለቂያ ልብስ ለብሰው። ለኮፐንሃገኑ የአየር ንብረት ጉባኤ መልእክት ነበር፤ ፎቶውም ያምራል። እኔ በበኩሌ የካቢኔው ቢሮ ፍሳሽ የት እንደሚወርድ ብሰማ እመርጣለሁ።

ደሴ የምትሠራ ነርስ፣ ለየደሴቱ ጤና ጣቢያ ኢንሲነሬተር (የቆሻሻ ማቃጠያ) ተገዝቶ ቢሰጥ ነገሩ አያልቅም ወይ ትላለች።

አያልቅም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጤና ተቋም ቆሻሻ 85 በመቶ ያህሉ ተራ ቆሻሻ ነው፤ አደገኛው 15 በመቶ ነው። ሁለቱ አንድ ባልዲ ውስጥ ከተገናኙ ግን ሁሉም አደገኛ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማሽን መግዛት ሳይሆን እዚያው አልጋው አጠገብ መለየት ነው፤ መርፌው ወደ ሴፍቲ ቦክስ፣ የምሳ ዕቃው ወደ ሌላ። ርካሽ ማቃጠያ፣ ጭሱን ዳግም የሚያቃጥል ሁለተኛ ክፍል የሌለውና 850 ዲግሪ የማይደርስ ከሆነ፣ ፕላስቲኩን ዳዮክሲን ወደሚባል መርዝ ይለውጠዋል። ጭሱ ደግሞ የሚያርፈው ጎረቤት ጣራ ላይ ነው፤ ያ ጣራ የዝናብ ውኃ መሰብሰቢያ ነው፤ ውኃው ይጠጣል። ለአብዛኛው ተላላፊ ቆሻሻ በእንፋሎት የሚሠራው አውቶክሌቭ ይሻላል፤ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒትና የላቦራቶሪ ኬሚካል ግን እዚያ አይገባም። የትኛው የት እንደሚሄድ ከጋዜጣ ዓምድ ተነስታችሁ እንዳትወስኑ እለምናለሁ። የኢንፌክሽን መከላከልና የአካባቢ ጤና ባለሙያ መጥቶ ግቢውን ይይ።

ከጎንደር፦ ሙሉ በሙሉ ቆሻሻ የሆነ ደሴት አለ ይባላል።

ቲላፉሺ ይባላል፤ ከማሌ በስተምዕራብ፣ በጀልባ ቅርብ ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ቆሻሻ እየተሞላበት ጥልቀት ከሌለው ባሕርነት ወደ መሬትነት የተለወጠ ቦታ ነው። ለዓመታት ሜዳ ላይ ይቃጠል ነበር፤ ያ የቆመው በ2021 ነው። "ቆሻሻው ወደ ዋና ከተማው ይላካል" የሚል ዕቅድ ስታነቡ መድረሻው ይህ መሆኑን አስታውሱ።

ስሙ እንዳይጠቀስ የለመነ መሐንዲስ ደግሞ እንዲህ ይላል። ድርጅታቸው ከውጭ ድርጅት ጋር ተጣምሮ በአንድ የደሴት አገር የትምህርት ቤቶችንና የጤና ጣቢያዎችን ዕቅድ ለማዘጋጀት ጨረታ ገብቷል። ቢጋሩ (አሠሪው ያወጣው የሥራ ዝርዝር) የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። እዚህ አገር ለወረዳ ጤና ጣቢያዎች የሠሩት ሰነድ አላቸው፤ ስምና ካርታ ቀይረን ብንጠቀምበት ነውር ነው ወይ?

ነውር ነው። ነውርነቱን ትቼ ሥራውን ላስረዳህ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እንዲህ በስም ቅየራ የተሠራ የደሴት ትምህርት ቤት ዕቅድ አንብቤያለሁ። "ደረቅ ቆሻሻ በየሳምንቱ በማዘጋጃ ቤቱ መኪና ይነሳል" ይላል። እዚያ ቆሻሻ የሚያነሳ መኪና የለም። ቆሻሻው የሚወጣው በጀልባ ነው፤ ጀልባው የሚመጣው ጭነት ሲሞላለትና ባሕሩ ሲፈቅድ ነው፤ በማልዲቭስ ከግንቦት እስከ ኅዳር ባለው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ወቅት ባሕሩ ብዙ ጊዜ እሺ አይልም። ስለዚህ የዚያ ትምህርት ቤት ዋና ጥያቄ ጀልባው እስኪመጣ ቆሻሻው በየትኛው ጥላ ሥር፣ በምን ወለል ላይ፣ ከጉድጓዱ በስንት እርምጃ ይቀመጣል የሚል ነበር። ሰነዱ ይህን አላነሳውም። ስለ አቧራና ስለ ጫጫታ ግን ገጽ በገጽ ጽፏል፤ ግንባታው ጥቂት ወራት ይፈጃልና ለፕሮጀክቱ ገንዘብ የሚያበድረው ተቋምም የሚጠይቀው ያንን ነው። ሕንፃው ከርክክብ በኋላ ለሚኖርባቸው አሥርት ዓመታት ግማሽ ገጽ ተረፈው።

የከፋው ሰንጠረዡ ነው። "ኃላፊ" በሚለው ሥር ከላይ እስከ ታች "የሚመለከተው አካል" ተብሎ ተሞልቷል። ይህን አካል አንተም አውቀዋለሁ ካልከኝ፣ ቢሮው የት እንደሆነ ንገረኝ፤ እኔ ፈልጌ አላገኘሁትም።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የምፈልገው ርዕሰ መምህሩን ሳይሆን የጀኔሬተሩ ክፍል ቁልፍ በኪሱ ያለውን ሰው ነው። የተቃጠለ ዘይት የት እንደሚደፋ፣ የትኛው አሸንዳ እንደሚያፈስ፣ ሴፕቲክ ታንኩ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተከፈተ የሚያውቀው እሱ ነው፤ በስብሰባ ላይ ግን አይጠራም። አብሬው ግቢውን እዞራለሁ፤ ቢቻል አንዴ በዝናብ፣ አንዴ በደረቁ ወቅት። ከዚያ የሥራ መደቡ በሰንጠረዡ ላይ ይጻፋል፤ ሲቀየር የሚተካውም እንዲሁ። አሸንዳ መጥረግ፣ ታንክ ማስመጠጥ፣ ማጣሪያ መለወጥ እያንዳንዳቸው በተቋሙ ዓመታዊ በጀት የራሳቸው መስመር ይኑራቸው፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ አብሮ የሚዘጋ ገንዘብ ላይ እንዳይንጠለጠሉ። የመለዋወጫ ዕቃ በመርከብ የሚፈጀው ጊዜም ይታሰብ። ግዢ ክፍሉ ዕቃ ሲገዛ ሻጩ አሮጌውን መልሶ እንዲወስድ ውል ውስጥ ያስገባ፤ ወደ ደሴት የማይገባ ባትሪ ከደሴት ማስወጣት አያስፈልግም። መለኪያው ቀላል ይሁን፦ የውኃ ቆጣሪ፣ የናፍጣ መዝገብ፣ በወር አንዴ የጉድጓዱን ጨዋማነት የሚያነብ የእጅ መሣሪያ። ይህ ሁሉ አንድ ገጽ ላይ በአገሩ ቋንቋ ተጽፎ ጀኔሬተሩ ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ወፍራሙን ሰነድ ለአበዳሪው ላክለት፤ እሱም መደርደሪያ አለው።

ጊዜው አይበቃም የምትል ከሆነ የተቋማቱን ቁጥር እንዲቀንሱልህ ጠይቅ። እምቢ ካሉ ጨረታውን ተወው።

በሶላር ነገሩ ሁሉ አይፈታም ወይ? (ይህን የጠየቁኝ ብዙዎች ናቸው።)

ናፍጣ ይቀንሳልና ይበል። ጀኔሬተሩ ግን ለመጠባበቂያ ይቀራል፤ ስለዚህ በናፍጣ ታንኩ ዙሪያ የታንኩን 110 በመቶ የሚይዝ የማያስተላልፍ ግድግዳ አሁንም ያስፈልጋል፤ ከሥሩ ያለው የመጠጥ ውኃ ነውና። የባሕር አየር ብረት ይበላል፤ የሶላር ፓነሉን ማሰሪያ ስትመርጡ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አነጋግሩ። የሞተውን ባትሪ ማን ይወስዳል? መልሱ ከመግዛታችሁ በፊት ይገኝ።

ከባሕር ዳር፦ ይህ ለጣና ደሴቶች ገዳማት ይሠራል?

የሌንሱ ነገር አይሠራም፤ ጣና ጨው የለውም። የጀልባው ነገር ግን አንድ ነው፦ ጎብኚ ይዞት የመጣው ፕላስቲክ በመጣበት ጀልባ ይመለስ። እምቦጩን ለሌላ ቀን።

የቢሮ አየር ማቀዝቀዣ ስንት ዲግሪ ላይ ይሁን?

25። መስኮቱንም ዝጉ።

በመጨረሻ ከአዳማ የመጣ ጥያቄ፦ የዝናብ ውኃ ያጠራቀምንበት ሮቶ ትል አፈራ፣ ምን እናድርግ?

ትሉ የትንኝ እጭ ሳይሆን አይቀርም፤ የወባ ወይም የደንጊ ትንኝም ሊሆን ይችላል። ክዳኑን ግጠሙ፣ የትርፍ ውኃ ማፍሰሻውን አፍ በወንፊት ሸፍኑ፣ የመጀመሪያውን ዝናብ ወደ ውጭ አፍስሱት። ኬሚካል ከመጨመራችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ጠይቁ።