አባትሽ ሴፍቲኔት ይገባሉ ወይ ላልሽው

እህቴ፣ «አባቴ አዳማ ዙሪያ ግማሽ ሄክታር መሬት አላቸው፤ ማዳበሪያው ተወዶ ሽንኩርቱ ረክሶባቸዋል፤ ሴፍቲኔት ይገባሉ?» ብለሽ ጠይቀሻል። የእኔም ቤተሰብ ገጠር ነው፣ በወለንጪቲ መስመር። ያየሁትን ልንገርሽ።

ሴፍቲኔት፣ ማለትም ምግብ ለሚያጥራቸው የገጠር ቤተሰቦች ድጋፍ የሚሰጥበት የመንግሥት ፕሮግራም፣ ገቢው ለወረደ ሁሉ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ጀምሮ የሚታየው የምግብ ክፍተት ነው። ቤቱ በየዓመቱ ለወራት እህል ያልቅበታል ወይ? ዘንድሮ በሽንኩርት የከሰረ ሰው፣ ዕዳው አናቱ ላይ ቢደርስም፣ ጎተራው ውስጥ ጤፍ ካለ ማለፉ ያጠራጥራል።

ደግሞ ዋናው መራጭ ጎረቤት ነው። ስም የሚነበበው ሕዝብ ፊት ነው፤ እኛ ሰፈር ግራር ሥር ነበር። የአባቴ ስም ሲጠራ አንዱ ከኋላ «በሬ አለው!» አለ። አለቀ። በሬው የአጎቴ ነበር፣ ለእርሻ የተዋስነው። አባቴ ጋቢውን አስተካከለና ዝም አለ። ሰው ፊት «ቸግሮኛል» ከሚል ጦሙን ቢያድር ይመርጣል። እናቴ ግን በማግስቱ አጎቴን እየጎተተች ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ጋ ሄደች። ሁለት ጎረቤትም ለምስክር ጨመረች። አንዴ ሰብሳቢው ለቅሶ ሄዷል፣ አንዴ ማኅተም የለም እየተባለች ሦስቴ ተመላለሰች። በመጨረሻ ገባን።

ስለዚህ አባትሽ ከስብሰባው እንዳይቀሩ። እሳቸው የማይናገሩ ከሆነ የሚናገርላቸው ሰው ይኑር። የቆርቆሮ ጣሪያ ከሩቅ ይታያል፣ ዕዳ አይታይም።

ከገቡ ሥራ አለው፦ እርከን፣ ኩሬ፣ መንገድ። ለአንድ ሰው በወር 5 ቀን ነው የሚታሰበው፣ በዓመት ለ6 ወር። አቅመ ደካማና አካል ጉዳተኛ ሳይሠራ ይከፈለዋል። ክፍያው ግን ይዘገያል፤ እኛ ጋ የየካቲቱ ሚያዝያ ላይ የደረሰበት ዓመት ነበር። እስከዚያ ሱቅ በዱቤ ነው።

ባይሳካም የማኅበረሰብ ጤና መድኑን፣ በየዓመቱ መዋጮ እየከፈሉ የሚታከሙበትን፣ እንዳትተዉት። መክፈል ለማይችል ድሃ መንግሥት ይከፍልለታል፤ ምዝገባው ግን ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም፣ ቀበሌ ጠይቂ። እውነቱን ለመናገር እናቴ የታመመች ጊዜ ከሴፍቲኔቱ ይልቅ ያዳነን እሱ ነው።

ለመሆኑ አባትሽ ግቢ የሰው ከብት ታስሯል? ካለ ባለቤቱን ከአሁኑ አናግሪው።