ከአልጋ እስከ ጓዳ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ሐኪሙ «ተሽሏቸዋል፣ ውሰዷቸው» ሲል ሰውየው ቤት ገብቶ ምን ይችላል?

ከአዘዞ፦ እናቴ የሳንባ ምች ይዟቸው ተኝተው ነበር። አሁን ትኩሳቱ ለቋቸዋል። ፊዚዮቴራፒስቱ (የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያው) ግን «ይነሱ፣ ይሂዱ፣ ይመለሱ» እያለ ሰዓት ይይዛል። ምን ይሠራለታል?

ከወንበር ተነስቶ 3 ሜትር ሄዶ፣ ዞሮ ተመልሶ መቀመጥ ነው። ለአረጋዊ 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀ የመውደቅ ስጋት አለ ማለት ነው። እኔ ግን ከሰዓቱ ይልቅ አነሳሳቸውን ባይ ይሻለኛል። እጀታውን ጨብጠው፣ ብድግ ሲሉ መልሰው ዘፍ ካሉ ወይም ሲዞሩ ግድግዳ ከፈለጉ፣ ሳንባው ድኗል፤ ጭናቸው ግን ገና ነው። አልጋ ላይ መክረም የአረጋዊን ጡንቻ ቶሎ ያሳሳል። ስለዚህ ፈተናው ማን አብሯቸው እንደሚያድርና ቤት ምን ልምምድ እንደሚሠሩ ለመወሰን ይረዳል።

ከበለሳ፦ አባቴ ዳሌያቸው ተሰብሮ ኦፕራሲዮን ሆነዋል። ኮሪደሩ ላይ በዎከር (አራት እግር ባለው መደገፊያ) ይሄዳሉ፤ ነገ ይወጣሉ ተባልን። ቤታችን ዳገት ላይ ነው፤ ሽንት ቤቱም ደጅ።

ይህንኑ ለእኔ የጻፉትን ዛሬውኑ ለሐኪሙና ለፊዚዮቴራፒስቱ ይንገሩ። ካልነገሯቸው አያውቁትም። የሆስፒታል ኮሪደር ደልዳላ ነው፤ ድንጋያማ ዳገት ላይ ዎከር ራሱ ሸክም ይሆናል። ቤታችሁ ደረጃ ካለው ከሆስፒታል ሳይወጡ እዚያው ይሞክሩት፤ ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው። ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት ደግሞ ዋናው ጣጣ ነው። በተለይ መገጣጠሚያው ተቀይሮ ከሆነ ቁጢጥ ማለት ሊከለከሉ ይችላሉ። መሐሉ የተበሳ ጠንካራ ወንበር አናጺ ይሥራላችሁ፣ ከሥሩ ባልዲ ይቀመጥ። ሲቀመጡ ጉልበታቸው ከዳሌያቸው ከፍ እንዳይል። መደቡም ዝቅ ያለ ከሆነ ፍራሽ ደርቡበት። መኪና እደጅ ድረስ የማይገባ ከሆነ ተሸካሚ ሰው ከወዲሁ ይፈለግ። ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት የማይደርስ ከሆነ «ሽንት ቤት እንዴት ይቀመጡ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዝም ብሎ «ትንሽ ይቆዩልን» ከማለት ይሻላል።

ከማራኪ፦ ነርሷ አያቴን «እርዳታ ይፈልጋሉ» ብላ ጻፈች። እሳቸው ሁሉንም እችላለሁ ባይ ናቸው። ማንን ልመን?

አንድ ቀን እጅዎን ሰብስበው ይዩ። መታጠብ፣ መልበስ፣ ሽንት ቤት መሄድ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዛወር፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር፣ መብላት። ስድስቱን ማን እየሠራቸው ነው? የእኛ አገር አስታማሚ ደግሞ መች ያስችለዋል! አጉርሶና አልብሶ «ራሳቸው ናቸው» ይላል። ከመታመማቸው በፊት ቤተ ክርስቲያን ለብቻቸው ይሄዱ እንደነበርም ለነርሷ ይንገሯት። ያን ካላወቀች የአሁኑን ከምን ጋር ታወዳድረው?

ከሌላ አንባቢ፦ እህቴ ከአልጋ ስትነሳ ዓይኗን ያጨልማታል። ነገ ትወጣለች።

ደም ግፊቷ ተኝታም ቆማም ይለካላት። በቆመች በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር 20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ሳትወጣ ሐኪሙ ይወቀው። ምናልባት የሚስተካከል መድኃኒት ይኖራል።

የመጨረሻው ጥያቄ፦ ለአባቴ ዊልቸር ልግዛ?

መጀመሪያ የቤትዎን በር ስፋት ይለኩ። ቀጥሎ ፊዚዮቴራፒስቱን ይጠይቁ፤ ምናልባት ምርኩዝ ይበቃቸዋል።