«የዘፈን ጸሐፊ» ማን ነው?

ጥያቄ፦ ስለ ጂጂ አጭር የሕይወት ታሪክ እያዘጋጀሁ ነው። «የዘፈን ጸሐፊና ድምፃዊት እጅጋየሁ ሽባባው ጃዝን፣ ሬጌንና የሀገር ቤት ሙዚቃን በመቀየጥ የራሷን ቅኝት ፈጥራለች። ሽባባው በ2001 ያወጣችው አልበም ፕሮዲዩሰር ቢል ላስዌል ነው» ብዬ ብጀምር ጓደኞቼ «ትርጉም ትርጉም ይሸታል» አሉኝ። የቱ ጋ ነው የተበላሸው?

መልስ፦ ጓደኞችዎ እውነት አላቸው። በአማርኛ ዘፈን አይጻፍም፤ ግጥም ይጻፋል፣ ዜማ ይደረሳል። የካሴት ሽፋኖችን ያስታውሱ፦ «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» እየተባለ ባለሙያው ለየብቻ ይጠቀስ ነበር፤ ብዙ ጊዜም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አንዷ ሰው ግጥሙንም ዜማውንም ስትይዝ ታዲያ ነገሩ በግሥ ቢነገር ያምራል፦ «ግጥምና ዜማዋን ራሷ የምትደርስ»። «ድምፃዊት» ደኅና ነው። ግሡ ሴትነቷን ስለሚናገር «ድምፃዊ» ቢሉም አልተሳሳቱም። «ዘማሪ» ግን፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ በድምፅዋ ውስጥ ቢሰማዎትም፣ ለመንፈሳዊ መዝሙር ተለይቷልና ይተዉት።

ትልቁ ስሕተት «ቅኝት» ላይ ነው፤ ዛሬ ጋዜጠኛውም ሁሉ ይሳሳትበታል። ቅኝት የድምፆች አሰላለፍ ነው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ክራር የሚቃኘውም በዚሁ ነው። ጃዝና ሬጌ ስልቶች ናቸው። ከበሮው የሚመታበት አካሄድ ደግሞ ምት ይባላል። ስለዚህ አንድ ዘፈን በትዝታ ቅኝት ተደርሶ በሬጌ ምት ሊሄድ ይችላል፤ «የሬጌ ቅኝት» ሲባል ግን ሁለቱ ተምታቱ። በ«ስልት» ፋንታ «ዘውግ» የሚሉም አሉ። በሥነ ጽሑፍ ሲለመድ ቆይቷል፤ አሁን ግን ጆሮ ቶሎ ወደ ፖለቲካው ስለሚሄድ እኔ «ስልት»ን እመርጣለሁ።

«መቀየጥ» ለእርሻ ይስማማል። ማርና ቅቤ ተቀየጠ ሲባል ግን ጥራቱ ጎደለ ማለት ነውና ለምስጋና አይሆንም። ክፍሎቹ አንድ ሆነው ከወጡ «አዋሐደች»፣ እያንዳንዱ እየተፈራረቀ ከተሰማ «አዛነቀች» ይበሉ። (በ2001ዱ አልበም ውስጥ «ጉራማይሌ» የሚል ዘፈን አለ። ቃሉ ጥቁሩና የተፈጥሮ መልኩ እየተፈራረቀ የተነቀሰ ድድ ነው፤ ከ«ቅይጥ» ይልቅ ይህ ለሙዚቃዋ ይቀርባል።)

«ፕሮዲዩሰር»ም ያሳስታል። በእኛ የሙዚቃ ገበያ ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ያወጣውን፣ ሙዚቃ ቤቱን ነው የሚያስታውሰው። ላስዌል ግን የባስ ጊታር ተጫዋች ነው፤ ድርሻውም የአልበሙን የድምፅ ሥራ መምራት ነበር። አልበሙን ያወጣው ፓልም ፒክቸርስ የተባለው ኩባንያ ነው። ስለዚህ ሥራውን ይንገሩት እንጂ ማዕረጉን አይለጥፉበት።

«ሽባባው አወጣች» ደግሞ አባትየውን ዘፋኝ አደረጋቸው! ሁለተኛ ሲጠሩ እጅጋየሁ ወይም ጂጂ ይበሉ። 2001ም «እ.ኤ.አ.» ካልታከለበት አንባቢ በእኛ አቆጣጠር ያነበውና አልበሙን ሰባት ስምንት ዓመት ወደፊት ይገፋዋል።

እንዲህ ቢሆንስ፦

«ጂጂ በሚል ስም የምትታወቀው እጅጋየሁ ሽባባው ግጥምና ዜማዋን ራሷ የምትደርስ ድምፃዊት ናት። ቻግኒ ተወልዳ፣ ኬንያ ኖራ፣ ወደ አሜሪካ ከተሻገረች በኋላ በ2001 እ.ኤ.አ. ‹ጂጂ› የተሰኘውን አልበም አወጣች። የድምፅ ሥራውን ቢል ላስዌል መርቶታል፤ የጃዝ ሙዚቀኞቹ እነ ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር ተጫውተውበታል። በዚህ አልበም የሀገር ቤቱን ዜማ ከጃዝና ከሬጌ ስልት ጋር አዋሕዳለች።»

በ«አወጣች» ፋንታ «ለቀቀች» ቢሉም ያስኬዳል፤ «አሳተመች» ግን የካሴት ዘመን ይሸታል።