አበባው የረገፈ ኦርኪድ አይጣልም

እህቴ፣ «በስጦታ የመጣልኝ ኦርኪድ በሦስት ሳምንት ረገፈ፣ እምቡጦቹም ሳይፈኩ ቢጫ ሆነው ወደቁ። ቤቴ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ያስቀመጥኩት ሳሎን፣ ቡና የሚፈላበት አካባቢ ነው። ልጣለው ወይስ እንደገና ያብባል?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ አትጣዪው። ቅጠሉ ጠንካራና አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ያብባል። ሰፋፊና ወፍራም ቅጠል ኖሮት አንድ ረጅም ዘንግ የሚያወጣው ዓይነት ፋሌኖፕሲስ ይባላል፤ የምነግርሽም ስለ እሱ ነው።

ጤነኛ ፋሌኖፕሲስ አበባውን ከ2 እስከ 3 ወር ይይዛል፤ ሲጨርስም ቀድሞ የፈካው ቀድሞ ይረግፋል። እምቡጡ ሳይፈካ ቢጫ ሆኖ ከወደቀ ግን አንድ ነገር አውኮታል። ብዙ ሰው ወዲያው ውሃውን ይጠረጥራል። እኔ በአንቺ ሳሎን የምጠረጥረው ከሰሉን ነው። በደንብ ሳይነድ የሚጨስ ከሰል ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ የሚበስል ሙዝና አቮካዶም ይኸንኑ ጋዝ ያወጣሉ። ኤትሊን ለኦርኪድ እምቡጥ «ርገፍ» የሚል ትእዛዝ ነው። ቡናውን ተዪ አላልኩም፤ ተክሉን ወደ መኝታ ቤት አዛውሪው። ከፍራፍሬ ሳህን አጠገብና ነፋስ በቀጥታ ከሚገባበት በርም አርቂው።

አሁን ዘንጉን እዪ። ከደረቀና ቡናማ ከሆነ ከሥሩ ቁረጪው። አረንጓዴ ከሆነና ተክሉ አራትና ከዚያ በላይ ጠንካራ ቅጠል ካለው፣ ከታች ሦስተኛውን አንጓ ቆጥረሽ ከሱ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብለሽ ቁረጪ፤ በሁለት ሦስት ወር ከአንጓው ቅርንጫፍ ሊያወጣ ይችላል። አበባው ግን አነስ ይላል። ቅጠሉ ሁለት ሦስት ብቻ ከሆነ ዘንጉን ጨርሶ ማስወገድ ይሻላል፣ ተክሉ ጉልበቱን ለሥርና ለቅጠል ያውለዋል። መቀሱን ከመቁረጥሽ በፊት በ70% አልኮል ጥረጊው።

ውሃ ላይ ቀን ቆጥሮ ማጠጣት ነው የሚገድለው። ይህ ተክል በተፈጥሮው ዛፍ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ስለሆነ ሥሩ አየር ይፈልጋል። ብርማ ግራጫ ሥር ጠምቶታል፣ አረንጓዴ ሥር ጠግቧል፤ ፖቱ ግልጽ ፕላስቲክ ቢሆን የሚመረጠውም ይህ እንዲታይ ነው። በበጋ ከ5 እስከ 7 ቀን፣ በክረምት ከ10 እስከ 12 ቀን ገደማ ይወስድበታል፣ ፈራጁ ግን ሥሩ ነው። ጠዋት ፖቱን ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ሳፋ ውስጥ ንከሪው፣ ከዚያ ውሃው ጨርሶ እስኪንጠፈጠፍ ጠብቂ። ቀዳዳ የሌለው ጌጠኛ ውጫዊ ፖት ውስጥ ውሃ ከተኛ ሥሩ በሳምንታት ይበሰብሳል። ቅጠሎቹ በሚገናኙበት መሃል ውሃ ከገባ በሶፍት አድርቂው፤ ከዚያ የጀመረ ብስባሴ ተክሉን ይዞት ይሄዳል።

ቅጠሉ ሲጨማደድ ደርሰሽ ውሃ አትጨምሪ። የጠማውም ሥሩ የበሰበሰበትም አንድ ዓይነት ይጨማደዳሉ። አውጥተሽ ሥሩን ጫን በዪው፦ ቡናማ ሆኖ ልጣጩ ተንሸራቶ ክር ብቻ ከቀረ ሞቷል፣ ቁረጪው። ብዙ ጊዜ ሥሩ መሃል ላይ የታመቀ ሞስ (ውሃ የሚመጥ እንደ ስፖንጅ ያለ የደረቀ ሽበት) ታገኛለሽ፤ ውሃ ይዞ የሚያበሰብሰው እሱ ነውና ነቅለሽ ጣዪው። መልሰሽ ስትተክዪ አፈር በፍጹም። ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ የዛፍ ቅርፊት ጥሩ ነው፤ ካጣሽ የታጠበ የኮኮናት ቅርፊት ቁራጭ ከታጠበ ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠርና ከጥቂት የከሰል ስብርባሪ ጋር ቀላቅዪ። በየሁለት ዓመቱ፣ አበባው ካለቀ በኋላ ቀይሪው።

ብርሃን፦ የምሥራቅ መስኮት ከስስ መጋረጃ ጀርባ ተስማሚ ነው። የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ካረፈበት ቅጠሉን ያቃጥለዋል። በክረምት ደመናው ስለሚበዛ ወደ መስታወቱ አስጠጊው። ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ብርሃን አንሶታል፣ አያብብም።

የሚያብበው ደግሞ በቅዝቃዜ ነው። ለአራት ወይም ስድስት ሳምንት ሌሊቱ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሲሆን ዘንግ ያወጣል፤ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት እዚህ ይህን በነጻ ይሰጥሻል። ከ13 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ግን በረንዳ ላይ አታሳድሪው። የዘንግ ጫፍ ጓንት እንዳጠለቀ እጅ ነው፣ የሥር ጫፍ ድቡልቡል ነው። ዘንግ ካየሽ በኋላ ለመፍካት ሦስት ወር ገደማ ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ፖቱን አታዙሪው።

ለማዳበሪያ በውሃ የሚሟሟ 20-20-20 (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሽየም በእኩል መጠን ያለው)፣ ለ1 ሊትር ውሃ ግማሽ ግራም፣ በየሁለት ሳምንቱ ይበቃል። በወር አንዴ ማዳበሪያ የሌለው ንጹህ ውሃ ብቻ በፖቱ ውስጥ አሳልፊ። ለእርሻ የሚሸጠውን ዳፕና ዩሪያ ተዪ፣ ሥሩን ያቃጥላል።

ሌላ ስትገዢ ሁሉም የፈካውን አትምረጪ፤ ሲሶው ፈክቶ የቀረው ወፍራም አረንጓዴ እምቡጥ የሆነውን ውሰጂ። በቅጠሉ ጀርባ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካለ ተባይ ነው፣ እዚያው ተዪው።