«እስከ አስረኛው ደቂቃ ደስ ይል ነበር»

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱ ስለ አንድ ነገር ነው የሚያወሩት፤ ስለ መብላት ቻሌንጅ። አንዱ በደስታ፣ ሌላው በጭንቀት ተጽፏል። ስለዚህ ዓምዱን ሙሉ ለእነሱ ሰጠሁት።

ጥያቄ፦ ባለፈው ቅዳሜ ጓደኞቼ ገፋፍተውኝ አንድ ቻሌንጅ ገባሁ። ለአምስት ሰው የሚበቃ ትሪ ሙሉ ምግብ ነው፣ በ30 ደቂቃ መጨረስ። እስከ አስረኛው ደቂቃ ድረስ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ሰው ከቦኝ ይጮሃል፣ ስሜን እየጠሩ ያጨበጭባሉ። ከዚያ ድንገት ላብ በላብ ሆንኩ። አፌ ውስጥ ያለው ጉርስ አልወርድ አለኝ፣ ሽታው ራሱ አስጠላኝ። 22ኛው ደቂቃ ላይ አቆምኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። የሚገርመው በማግስቱ እንደገና መሞከር አማረኝ። ምን ነካኝ? እነዚያ ሻምፒዮኖችስ እንዴት ነው የሚችሉት?
*ባለ ትሪው*

መልስ፦ ምንም አልነካህም ወንድሜ። የሆነብህ ሁሉ የሚጠበቅ ነው።

ሆድ «በቃኝ» የሚለው ወዲያው አይደለም። መልእክቱ አንጎል ደርሶ ጥጋብ ሆኖ እስኪሰማህ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የጣፈጡህ ለዚህ ነው፤ ትበላለህ እንጂ ከልካይ የለህም። ጨጓራ ሲሞላ እየላላ ቦታ ይለቃል፣ ያለ ጭንቀት አንድ ሊትር ወይም አንድ ተኩል ያህል ይይዛል፣ ከዚያ በላይ ሲገፉት ግን መወጠር ይጀምራል። ያ ውጥረት ነው ላቡንና ማቅለሽለሹን ያመጣው። ሌሊት የቸገረህም የተወጠረው ጨጓራ ሳንባህን ከታች ወደ ላይ እየገፋ ትንፋሽህን ስላሳጠረብህ ነው።

ሽታው ያስጠላህ ደግሞ በሌላ ምክንያት ነው። አፍ አንድ ዓይነት ጣዕም ሲደጋገምበት ይሰለቻል። ከሆድ ቀድሞ የሚሸነፈው ብዙ ጊዜ አፍ ነው። ይህን የሚያውቁ ሰዎች መሀል ላይ ኮምጣጣ ነገር ይቀምሱና ይመለሳሉ።

እኔም ሁለት ጊዜ ገብቼበታለሁ፤ አንዱን ጨረስኩ፣ አንዱን ተውኩት። የጨረስኩ ቀን የመጨረሻው ጉርስ ጉንጬ ውስጥ ሦስት ደቂቃ ያህል ቆየ። አኘክሁት፣ አኘክሁት፣ ጣዕሙ ጠፍቶ እንደ እርጥብ ጨርቅ ሆነ፣ ጉሮሮዬ ግን አላሳልፍም አለ። አንድ ጓደኛዬ ትከሻዬን ይዞ «ተንፍስ፣ ዝም ብለህ ተንፍስ» ይለኝ ነበር። ዛሬ ምግቡ ምን ምን ይል እንደነበር ረስቻለሁ፤ የጓደኛዬ እጅ ግን ትከሻዬ ላይ እንዳለ ይሰማኛል። በማግስቱ የሚያምርህም ይኸው ይመስለኛል። የሚናፍቅህ ትሪው ሳይሆን ስምህን ይጠሩ የነበሩት ሰዎች ናቸው።

ሻምፒዮኖቹን በተመለከተ፣ ነገሩ ዘዴም ሥልጠናም ነው። ጃፓናዊው ታኬሩ ኮባያሺ እ.ኤ.አ. በ2001 ኒውዮርክ ኮኒ አይላንድ ላይ በ12 ደቂቃ 50 ሆት ዶግ ከነዳቦው ሲበላ፣ ከእሱ በፊት የነበረው ሪከርድ 25 አካባቢ ነበር። እጥፍ አደረገው ማለት ነው። ቋሊማውን ለሁለት ይሰብረዋል፣ ዳቦውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ጨምቆ ይውጠዋል። አሜሪካዊው ጆይ ቼስትነት ደግሞ እዚያው ውድድር ላይ በ2021 በ10 ደቂቃ 76 አድርሶታል።

አሁን የምነግርህን ግን ልብ ብለህ ስማኝ። እ.ኤ.አ. በ2007 የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች አንድ የፍጥነት ተመጋቢና አንድ ተራ ሰው ሆት ዶግ ሲበሉ ጨጓራቸውን በኤክስሬይ ተከታተሉ። ተራው ሰው ሰባት በልቶ አቆመ። ባለሙያው በ10 ደቂቃ 36 በላ፣ ያኔም ጠገብኩ አላለም፤ ያስቆሙት ሐኪሞቹ ናቸው። ጨጓራው ምግቡን መፍጨትና ወደ ታች መግፋት ትቶ፣ የሆዱን የላይኛውን ክፍል የሞላ ትልቅ ከረጢት ሆኖ ነበር። ሐኪሞቹ የፈሩት ይህ ከረጢት አንድ ቀን ወደ ቦታው አልመለስ ይላል ብለው ነው። ኮባያሺም በ2024 ረሃብ የሚባል ስሜት እንደማይሰማው በይፋ ተናግሯል። አስበው እስቲ፤ ርቦህ ቤት ስትገባ የምግቡ ሽታ የሚያመጣው ያ ደስታ ላይመለስ ሲጠፋ።

ስለዚህ ከጓደኞችህ ጋር በዓመት አንዴ ብትሞክር አልቆጣህም። ግን ሥልጠና ብለህ አትጀምረው። 22ኛው ደቂቃ ላይ ማቆምህን ደግሞ በጣም ወድጄልሃለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ17 ዓመት ልጅ አለኝ። የመብላት ቪዲዮ እየቀረጸ ይለቃል። አሁን ደግሞ «ጨጓራ ማስፊያ ነው» ብሎ በአንድ ጊዜ ሦስት አራት ሊትር ውሃ ይጠጣል። በሩን ዘግቶ ነው የሚያደርገው። ስቆጣው «ውሃ ምን ያደርጋል እማዬ» ይለኛል። እውነት ውሃ ምን ያደርጋል?
*የጨነቃት እናት*

መልስ፦ እናቴ፣ ውሃ ይገድላል። ላስደነግጥዎ ብዬ አይደለም፤ ዛሬውኑ እንዲያስቆሙት ስለምፈልግ ነው።

ኩላሊት በሰዓት ሊያስወጣ የሚችለው ውሃ አንድ ሊትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ በአንዴ ሲገባ ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም፣ ማለትም ጨዉ፣ ይቀጥናል። ያኔ ውሃው ወደ ሕዋሳት እየገባ ያሳብጣቸዋል። ሌላው አካል ቢያብጥ ቦታ ያገኛል፤ አንጎል ግን አጥንት ውስጥ ነው ያለው፣ የሚሄድበት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2007 ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ የሬዲዮ ጣቢያ የውሃ መጠጣት ውድድር የተሳተፈች የ28 ዓመት እናት በዚሁ ምክንያት ሕይወቷ አልፏል።

ልጅዎ ብዙ ውሃ ከጠጣ በኋላ ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰው፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ ከጣለው፣ ይለፍለት ብለው አይጠብቁ። ሌላ ውሃ አይስጡት፣ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት፣ ምን ያህል ውሃ በምን ያህል ጊዜ እንደጠጣም ለሐኪሙ ይንገሩ።

አነጋገሩ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልበልዎ። ቁጣ በሩን የበለጠ ያስዘጋዋል። በሙያው ራሱ ቢያናግሩት ይሻላል። ሜጀር ሊግ ኢቲንግ የሚባለው፣ እነ ቼስትነት የሚወዳደሩበት ድርጅት፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ አያወዳድርም። ቤት ውስጥ መለማመድንም ይቃወማል፤ ውድድሩም የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ባለበት እንዲካሄድ ያዛል። ጀግኖቹ የሚበሉት አምቡላንስ በቆመበት ነው፣ እሱ ግን በር ዘግቶ ብቻውን ነው። ይህንን ይንገሩት። ከዚያ ቁጭ ብለው አንድ ቪዲዮውን አብረውት ይዩለት፤ ምን እንደሚወድበት ይጠይቁት። መቅረጽ የሚወድ ልጅ ከሆነ የሚቀርጸው ሌላ ነገር አይጠፋም።

ጥያቄ፦ በዓለም የታወቀውን ኃይለኛ ቃሪያ ለመብላት ተወራርደናል። ውሃ በብዛት ልያዝ?
*የማልሸነፈው*

መልስ፦ ውሃውን ተወው፣ ወተት ያዝ። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፤ ውሃ ብትጠጣ አፍህ ውስጥ ያዳርሰዋል እንጂ አያነሳልህም። ወተት ውስጥ ያለው ኬዚን የሚባል ፕሮቲን ግን ይይዘውና ይዞት ይወርዳል።

እና ደግሞ የምትገባበትን እወቅ። የማቃጠል መለኪያው ስኮቪል ይባላል፣ እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ያለ ነው። ሃላፔኞ የሚባለው ቃሪያ ከ2,500 እስከ 8,000 ይደርሳል። በ2023 ሪከርዱን የያዘው ፔፐር ኤክስ 2.69 ሚሊዮን ገደማ ነው። አፍህ ላይ ያለው እሳት በግማሽ ሰዓት ይበርድ ይሆናል፤ የሆድ ቁርጠቱ የሚመጣው ግን ሁሉም ስቆ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

በ2018 በታተመ የሕክምና ዘገባ ላይ፣ ካሮላይና ሪፐር የሚባል ኃይለኛ ቃሪያ የበላ የ34 ዓመት ሰው እንደ መብረቅ የሚመታ ራስ ምታት ይዞት የአንጎሉ ደም ሥሮች ጠበው ተገኝተዋል። እሱ ድኗል። በ2023 ማሳቹሴትስ ውስጥ በጣም የሚያቃጥል ቺፕስ በቻሌንጅ የበላ የ14 ዓመት ልጅ ግን ልቡ ቆሞ ሞቷል፤ አስቀድሞ የልብ ችግር እንዳለበት የታወቀው ከሞተ በኋላ ነው። ልብህን ወይም አስም የሚያምህ ከሆነ ውርርዱን ዛሬ ሰርዝ። ጤነኛ ከሆንክም ከሪከርዱ በብዙ በሚያንስ ጀምር፣ ባዶ ሆድህን አትሂድ፣ ጓንት አድርግ፣ ዓይንህን እንዳትነካ። ደረትህን ከወጋህ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ ጨዋታው አልቋል፣ ወደ ሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ ለመሥሪያ ቤታችን የመዝናኛ ቀን የመብላት ውድድር አዘጋጂ ተብያለሁ። ሰው እንዲዝናና ነው የምፈልገው፣ እንዲታመም አይደለም። ምን ትመክረኛለህ?
*አዘጋጇ*

መልስ፦ እህቴ፣ ሰዓቱን ከውድድሩ አውጪው። ውድድር ላይ ቶሎ የሚገድለው ጥጋብ ሳይሆን ትን ማለት ነው፤ ሰው ደግሞ ትን የሚለው ሲቻኮልና በሞላ አፍ ሲስቅ ነው። ደረቅ ዳቦና አፍ ውስጥ የሚጣበቅ ነገር አታቅርቢ፣ አልኮልም አይኑር። ትን ያለውን ሰው እንዴት እንደሚረዱ የሚያውቅ አንድ ሰው ሳይበላ ቆሞ ይጠብቅ፦ ማሳል ከቻለ እንዲያስል ይተወው፣ ድምፅ ከጠፋው ወደ ፊት አጎንብሶ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መሀል አምስት ጊዜ በመዳፍ መምታት፣ ካልወጣ ከኋላ አቅፎ ከእምብርት ከፍ ብሎ አምስት ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ መጫን፣ እስኪወጣ ማፈራረቅ፣ ሌላ ሰው ደግሞ በዚያው አምቡላንስ ይጥራ።

ከዚያ በሦስት በሦስት ሰው ቡድን አድርጊያቸው። አንድ ትልቅ ሰሃን ለሦስት። የደከመው እጁን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፣ የቀሩት ይቀጥላሉ፣ ማንም «ለምን አቆምክ» አይለውም። እኔ ያየሁት እንዲህ ያለው ላይ ሳቁ እስከ መጨረሻው ይቆያል። ስንት ቡድን እንደጨረሰ ጻፊልኝ።